ከፍትፍቱ ፊቱ

«ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም። ነገር ግን ይህን ተረት ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ስለ ቤት እንግዳ እንጂ ስለ ሱቅ ደንበኛ አይደለም። በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ጾም ወራት ምግብና ስለ ቤት ንጽሕና ደጋግመን ጽፈናል፤ ስለ ሱቅ ግን አንድም ቀን አንሥተን አናውቅም። ይህ ጉድለታችን ነው። ከአንባቢዎቻችን መካከል በትንሽ ሱቅ የሚተዳደሩት፥ ወይም ልጃቸውን ወይም እኅታቸውን በሱቅ ያቋቋሙት ጥቂቶች አይደሉም፤ የሱቁ ደጅ ሲቀዘቅዝ የማጀቱ ምድጃም አብሮ እንደሚቀዘቅዝ ያውቁታል። ስለዚህ በዚህ ወር ስለ ሱቅ፥ ይልቁንም ሰው ከገባበት በኋላ ለመውጣት ስለማይቸኩልበት ሱቅ ጥቂት ልንጽፍ አሰብን። ምክንያት የሆነንም በግሸን መንገድ ላይ ያየነው ነገር ነው።

ግሸን ደብረ ከርቤ በደቡብ ወሎ፥ በአምባሰል ምድር፥ ከደሴ ከተማ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ አናቷ በመስቀል አምሳል የተዘረጋ፥ ዙሪያዋን ገደል የከበባት አምባ ናት። የጌታችን ግማደ መስቀል በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ አገራችን እንደ መጣ፥ በልጃቸው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመንም በዚህች አምባ ላይ እንዳረፈ ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች፤ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ሕዝቡ ከየማዕዘኑ የሚጐርፈው ስለዚህ ነው። ይህን ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል።

ስለ አምባዪቱ ሌላ ታሪክ ግን ጥቂት ብንናገር ከጉዳያችን አንርቅም። በቀድሞው ዘመን የነገሥታት ልጆች በዙፋን ምክንያት አገር እንዳያውኩ ተብሎ በዚህች አምባ ላይ እየተጠበቁ እንዲኖሩ ይደረግ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቈየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለዚሁ የመሳፍንት ተራራ ጽፎ አልፏል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰንም በ1759 ባሳተመው፥ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ በመለሱት በራስላስ ታሪክ ውስጥ፥ ምንም ነገር በማይጐድልበት ሸለቆ የሚኖር የንጉሥ ልጅ መውጫ ሲፈልግ እናነባለን። እንግዲህ ነገሩን እናስተያየው፤ በዚያን ዘመን በአምባዪቱ ላይ ሰው እንዲቈይ ዘበኛ ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ማንም የማያስገድደው ምእመን በብርድ ሌሊት በደጇ ሊያድርባት ዳገቱን ይወጣል። ሰውን በአንድ ስፍራ የሚያቈየው የዕቃው ሙላት ወይም የበሩ ጥብቀት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አናውቅም። አሁን ወደ ሱቁ ነገር እንመለስ።

በአንድ የመስከረም ወር፥ ከበዓሉ ማግሥት፥ ከባለቤታችንና ከልጆቻችን ጋር ከአምባው ስንወርድ ጕልበታችን ዝሏል፥ ጫማችን ጭቃ ለብሷል፥ ትንሹ ልጃችንም በትከሻችን ላይ ነው። ከግርጌው ስንደርስ በመንገዱ ዳርና ዳር ጧፍና ዕጣን፥ መቍጠሪያና የአንገት መስቀል፥ በሶ፥ ቆሎ፥ ዳቦ፥ ብስኩትና የታሸገ ውሃ የሚሸጡ ሰዎች ተደርድረዋል። በዚያ መካከል «የኔታ! የኔታ!» የሚል ድምፅ ሰማን። ወዲያና ወዲህ ብናይ የሚጠራን ሰው አይታይም። በመጨረሻ ድምፁ ከአንድ ሱቅ ውስጥ፥ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ የሚመጣ መሆኑን አየን። ጠሪው ቀድሞ በደሴ ያስተማርነው ልጅ ነበረ።

የዚህን ልጅ ታሪክ እናውቃለን። ትምህርቱን ሲጨርስ አባቱ ሁለት በሬ ሸጠው መቋቋሚያ ሰጡት፤ በደሴ ሱቅ ከፍቶ ደኅና ይሠራ ነበር። በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ በደሴና በኮምቦልቻ ብዙ ሱቆችና መጋዘኖች ተዘርፈው ባዶአቸውን ሲቀሩ የእርሱም ሱቅ ከነዚያ አንዱ ሆነ። ከዚያ በኋላ የተረፈችውን ገንዘብ ይዞ ወደ አባቱ አገር ተመልሶ በግሸን መንገድ ላይ ይህን ሱቅ ከፈተ። ሱቁ በዕቃ በኩል የሚነቀፍ አይደለም፤ ስኳሩ፥ ዘይቱ፥ ሳሙናው፥ ደብተሩ፥ ሻማው ሁሉ በመደርደሪያ ላይ ሞልቷል። ነገር ግን ከበሩ እስከ ባንኮኒው ድረስ በብረት ፍርግርግ ተዘግቶ፥ ለገንዘቡና ለዕቃው መቀበያ ስንዝር ተኩል የምታህል መስኮት ብቻ ቀርታለች። እጃችንን በዚያች መስኮት አስገብተን ተጨባበጥን፤ ፊቱን እንደ ልባችን ሳናይ ስለ ጤናው፥ ስለ አባቱና ስለ እናቱ ጠየቅነው።

በዚያ ቆመን ሳለን ደንበኞች መጡ። «ውሃ አለ?» «አለ።» «ስንት ነው?» ገንዘቡ ይገባል፥ ውሃው ይወጣል፤ አንዳንዱም በስልኩ በቴሌብር ይከፍልና አንዲት ቃል ሳይናገር ይሄዳል። ነገሩ ፈጣን ነው፤ ስሕተትም የለበትም። ነገር ግን አንድ ነገር አስተዋልን። ውሃውን ከእርሱ የገዛው ሁሉ ዐሥር እርምጃ ያህል ሄዶ ከጎረቤቱ ሱቅ ደጅ ይቀመጥና ውሃውን እዚያ ይከፍታል። ጥቂት አርፎ ሲነሣ ደግሞ ዳቦውን፥ ቆሎውን፥ ለቤት የሚወስደውን ጧፍ ከዚያችው ጎረቤት ይገዛል። ተማሪያችንም ይህን በፍርግርጉ ቀዳዳ እያየ ኖሯል። «እንደሚያዩት ነው የኔታ፤ እኔ ውሃ እሸጣለሁ፥ ሌላውን እትዬ ትሸጣለች» አለን።

እኛም ደክሞን ነበረና ተሰናብተነው ሳይሆን «አሁን እንመለሳለን» ብለነው ወደ ጎረቤቱ ሄድን። የዚያች ሴት ሱቅ የጭቃ ቤት ነው፤ ቆርቆሮው የዛገ፥ ዕቃው ከተማሪያችን ዕቃ እኩሌታ የማይሞላ። ሁለቱ የበር ሳንቃዎች ግን እስከ ግድግዳው ድረስ ተከፍተዋል። በውጭ በኩል ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ በሁለት ድንጋይ ላይ የተጋደመ የባሕር ዛፍ አግዳሚ አለ፤ በላዩ ሸራ ተወጥሮ ጥላ ሆኗል። ከበሩ አጠገብ ክዳን ያለው እንስራ፥ በክዳኑም ላይ የተደፋ ኩባያ አለ። ባለቤቲቱ ከባንኮኒው በስተ ኋላ ሳይሆን ከደጃፉ ላይ በበርጩማ ተቀምጣ ነበር። አገሩ ሁሉ «እትዬ» ስለሚላት እኛም በዚሁ እንጠራታለን።

ገና ሳንደርስ ተነሥታ «እንኳን አደረሳችሁ! ኑ አረፍ በሉ፤ ልጁን አውርዱት፥ ትከሻዎ ዛለ እኮ» አለችን። ከዚያ ወደ አግዳሚው ዘወር ብላ «ሼሆቹ፥ እስቲ ለእንግዶቹ ጠጋ በሉላቸው» አለች። በዚያ ተቀምጠው የነበሩት ሽማግሌ እስላም ናቸው፤ ሙስበሐቸውን በእጃቸው እንደ ያዙ ጠጋ ብለው «አብሽሩ፥ አብሽሩ፤ ከዚህ ወዲያ ሜዳ ነው» ሲሉ አጽናኑን። እትዬ በኩባያው ውሃ ቀድታ መጀመሪያ ለልጁ፥ ቀጥላ ለባለቤታችን፥ ከዚያም ለእኛ ሰጠችን። ምን ትገዛላችሁ ብላ አልጠየቀችንም። ለአንዲት እናት ስኳር ስትመዝን የሚዛኑ ፊት ወደ ገዢዋ መዞሩን አየን፤ መዝና ከጨረሰች በኋላም ለእናቲቱ ልጅ ከቆሎው ጥቂት ቈንጥራ ምርቃት ሰጠችው። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ግማሽ መንገድ ደርሳ ተመለሰች፤ ክብሪት ረስታ ኖሯል። ተቀምጣ ባትቆይ ኖሮ ክብሪቱን ያስታወሰችው ከቤቷ ደርሳ ነበር።

በዚያ ስፍራ ምን ያህል እንደ ተቀመጥን አልቈጠርንም። ባለቤታችን ግን እኛ ያላየነውን አይታ ኖሮ በመንገድ ላይ ነገረችን። «አግዳሚዋን አየሃት? ከግድግዳው ጋር ነው የተጠጋችው፤ ከበሩ ፊት ለፊት አይደለችም። ወንዶች ከበሩ ፊት ለፊት ተደርድረው የሚያዩሽ ሱቅ ሴት ልጅ ገብታ አትቆምም፤ የምትፈልገውን ጠርታ ትወጣለች» አለችን። እኛ ስንት ዓመት ሱቅ ስንገባ ኖረን ይህን አንድ ቀን አስበነው አናውቅም ነበር። አንባቢዎቻችን ሱቅ ያላቸው እንደ ሆነ ይህን ነገር ከሚስቶቻቸውና ከእኅቶቻቸው ይጠይቁ፤ እኛ ከምንነግራቸው ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ።

እኛ በልጅነታችን ደበሎ ለብሰን፥ ኮሮጆ አንግተን፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን በየደጁ የዞርን ሰዎች ነን። የቆሎ ተማሪ የሰውን ደጅ ከሩቅ ያውቃል፤ ካላወቀም ውሻው ያስተምረዋል። በምንማርበት ደብር አጠገብ ሁለት ቤቶች ነበሩ። ከአንደኛው ቤት እንጀራ አጥተን አናውቅም፤ ነገር ግን በአጥሩ ላይ ወርውረው ነበር የሚሰጡን። ከሁለተኛው ቤት ብዙ ቀን «እግዜር ይስጥህ ልጄ፥ ዛሬ አልጋገርንም፤ ና ግን ውሃ ጠጣ» ነበር የሚሉን። እውነቱን ለመናገር ሁላችንም አስቀድመን የምንሮጠው ወደ ሁለተኛው ነበር፤ ባዶ ኮሮጆ ይዘን እንደምንመለስ እያወቅን። የራበው ልጅ እንኳ እንዲህ የሚመርጥ ከሆነ፥ ገንዘብ ይዞ የመጣ ደንበኛ እንዴት አይመርጥም?

በኦሪት ዘፍጥረት አብርሃም በመምሬ ዛፍ አጠገብ እንግዶችን የተቀበለበት ታሪክ በየቤታችን በሥዕል ተሰቅሎ ይገኛል። ታሪኩን ስናነብ የነገሩን ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ አናስተውለውም። አብርሃም በቀትር ጊዜ በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ነበር፤ በውስጥ አልነበረም። ሊቀበላቸው ሮጠ። አስቀድሞ ያቀረበው የእግር ውሃና የዛፍ ጥላ ነው፤ እንጀራውና ጥጃው ኋላ መጡ። እትዬ ይህን ታሪክ አስባ እንደ ሠራችው አናውቅም፤ በደጃፍ መቀመጧ፥ ተነሥታ መቀበሏ፥ ውሃዋና ጥላዋ ግን ያው ናቸው። እርግጥ ነው፥ አብርሃም ሻጭ አልነበረም፤ ሱቅም የምጽዋት ቤት አይደለም። ይህን ልዩነት ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በሌላው ዓለምም ነጋዴዎች ይህን ነገር በብዙ ድካም ነው ያገኙት። በእንግሊዝ አገር በሎንዶን ከተማ በቀድሞው ጊዜ ወደ ትልቅ መደብር የገባ ሰው ምን እንደሚገዛ ወዲያው ይጠየቅ ነበር፤ የማይገዛም ከሆነ ውጣ መባሉ አይቀርም። አሜሪካዊው ሃሪ ጎርደን ሰልፍሪጅ በ1909 እ.ኤ.አ. በዚያ ከተማ መደብሩን ሲከፍት ዕቃውን ከመስታወት ሣጥንና ከባንኮኒ ጀርባ አውጥቶ ሰው በእጁ እንዲዳስሰው አደረገ፤ ሳይገዙ መመልከትም የተፈቀደ መሆኑን ለሕዝብ አስታወቀ። ጎረቤት ነጋዴዎች ይከስራል ብለው ይጠብቁት ነበር፤ መደብሩ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል።

ከሩቅ አገር ይልቅ የራሳችን አገር ምሳሌ ይሻላል። በአዲስ አበባ ፒያሳ በ1953 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውን ቶሞካን የማያውቅ ቡና ጠጪ ጥቂት ነው። እኛ በወጣትነታችን ስንገባበት ሰዎች በረጃጅም ጠረጴዛዎች ዙሪያ ቆመው ነበር የሚጠጡት፤ ቆመውም ሳለ ብዙ ጊዜ ያወጉ ነበር። የሚቈላው ቡና ሽታ ከመንገዱ ላይ ይቀበልሃል፤ ከገባህ በኋላ ደግሞ ያ ሽታ ልብስህን ይዞ አይለቅህም። ስለዚህ ሰውን የሚያቈየው ወንበር ብቻ ነው ብለን እንዳንሳሳት። በሐረር ጀጎል ውስጥ ደግሞ መኪና ግርግር የሚባል መንገድ አለ፤ ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ነው። ሰፊዎቹ መኪናቸውን ከደጃፍ አውጥተው ስለሚሠሩ ጨርቅ የገዛ ሰው ልብሱ ሲሰፋለት እያየ ይቆማል፤ ሥራው ራሱ ለዐይን ጨዋታ ነው። ዛሬ በየከተማው ጐዳና የተስፋፋውን የጀበና ቡናም ተመልከቱ። ያች ቡና አፍይ ያላት ጥቂት በርጩማ፥ አንድ ረከቦት፥ እፍኝ ቄጤማና ትንሽ ዕጣን ነው፤ ሰው ግን ከትልልቅ ቤቶች ይልቅ ከእርሷ ዘንድ ይቀመጣል። ለወሎ ሰው ይህን መንገር አያስፈልግም፤ አቦል፥ ቶና፥ በረካ እስኪወርድ ድረስ ተነሥቶ መሄድ ነውር በሆነበት አገር ሰው ማቈየት ዕውቀቱ ከእናቶች ጋር ነው።

ይህን ሁሉ እያሰብን ወደ ተማሪያችን ተመለስን፤ እንደ መምህርነታችንም ችኰላ ያዘንና «ልጄ፥ ይህን ብረት ንቀለው» አልነው።

በፍርግርጉ ቀዳዳ ትክ ብሎ አየን። «የኔታ፥ የእርስዎን ጠመኔ ማንም አልዘረፈውም» አለን።

ከዚያም እንዲህ ሲል ነገረን። በደሴ ሱቁ አግዳሚ ነበረው። በየማታው ከሥራ ሲመለስ በዚያ አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ አንድ ጎረቤት ነበር፤ አንዳንድ ቀን ሲጋራ ይገዛል፥ አንዳንድ ቀን ምንም አይገዛም፤ ጨዋታ ግን ያውቃል። መሣሪያ የያዙት ሰዎች ሱቁን ከዘረፉ በኋላ በተሰበረው በር የሰፈሩ ሰዎችም ገቡ። «ያ ጎረቤቴ ሚዛኔን ተሸክሞ ሲወጣ አየሁት። እሱም አየኝ። ስኳሩ አልቈጨኝም የኔታ፤ ዛሬ ግን በአግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው ባየሁ ቍጥር ሚዛኔ ነው የምትታየኝ» አለን።

እኛ ዝም አልን። ምክራችን ቀላል የነበረው የእኛ ገንዘብ ስላልነበረበት ነው። ስለ እንግዳ መቀበል ጽፎ ማሳተም እንደዚህ ያለ ነገር ሳይደርስበት ለቀረ ሰው ምን ያህል ርካሽ እንደ ሆነ በዚያች ሰዓት ገባን፤ ይህንም ከአንባቢዎቻችን ልንሰውረው አንወድም። ብረቱ የስስት ብረት አልነበረም። የአባቱ ሁለት በሬዎች ከዚያ ብረት በስተ ኋላ ነበሩ።

ነገሩን የፈታችው እትዬ ናት። ሲኒ በሳሕን ላይ አድርጋ ቡና ይዛለት መጣች፤ በየቀኑ እንዲህ ታደርግ ኖሯል፤ ሲኒው በዚያች መስኮት ስለማያልፍ ግን ሁልጊዜ የጎኑን በር መክፈት ግድ ይሆንበታል። ንግግራችንን ሰምታ «ሌባ የሚመጣ በሌሊት፥ አንተ የምትቈልፍ በቀን!» አለችው። ቀጥላም «እኔን በብረት ውስጥ ሆነህ እትዬ ስትለኝ የታሰረ ሰው የምጠይቅ ይመስለኛል» አለች። ልጁ ሳቀ፤ በዚያን ቀን ሲስቅ ያየነው ያን ጊዜ ብቻ ነው። በመጨረሻ የተስማሙት ነገር እንዲህ ነው፤ ፍርግርጉ አይነቀልም፥ ነገር ግን በውጫሌ ባለ አንድ በያጅ ማጠፊያ ይበጅለትና ቀን ቀን ተከፍቶ ማታ ማታ ይዘጋል። የእትዬ አግዳሚ ደግሞ በአንድ ሌላ እንጨት ተቀጥሎ ከሁለቱ ሱቆች መካከል ይሆናል፤ ስለዚህ የተቀመጠው ሰው የሁለቱም እንግዳ ነው። ደንበኞችሽን ይወስድብሻል ብለን ብንጠይቃት «ጉልት ተቀምጠው አያውቁም እንዴ? ብቻዋን ከተቀመጠች ማን ይመጣል? ሽንኩርት ከሽንኩርት አጠገብ ነው የሚሸጥ» ብላ መለሰችልን። እውነቷን ነው፤ የባቲ የሰኞ ገበያ ከደጋና ከቈላ ሰው የሚሰበስበው ብዙ ሻጭ በአንድ ስፍራ ስለሚገኝ ነው።

ከዚህ በኋላ በስልክ እየደወለ የሆነውን ሁሉ ነግሮናል፤ እኛም የሚጠቅመውን እንጽፋለን።

አስቀድሞ ያደረገው ነገር ሚዛኑን ወደ ገዢው ማዞር ነው። በመጽሐፈ ምሳሌ ስለ ሐሰተኛ ሚዛን የተነገረው የታወቀ ነው፤ ነገር ግን እውነተኛ ሚዛንም ፊቱን ወደ ሻጩ ካዞረ ገዢውን ያስጠረጥራል። በሁለተኛ ደረጃ የዋጋውን ነገር አስተካከለ። በግሸን መንገድ ላይ ያሉ ሻጮች ብዙዎቹ በበዓሉ ሰሞን ዋጋ ይጨምራሉ። ተሳላሚው ተመልሶ የሚመጣው በዓመቱ ነውና አይታወሰውም ይላሉ። ተሳላሚው ባይታወሰው የአገሩ ሰው ያስታውሰዋል፤ ሱቁ የሚኖረው ደግሞ ከመስከረም በኋላ ባሉት ወራት ከዚያችው አገር እናቶች በሚገኘው ገንዘብ ነው። የበዓል ዋጋ የተጠየቀች ጎረቤት ኅዳር ላይ አትመጣም። ሌላው ነገር ደግሞ የጾሙ ነው። በዚያ አገር ክርስቲያኑና እስላሙ አብሮ የሚኖር ስለ ሆነ በሁዳዴ የጾመውን፥ በረመዳን የጾመውን ሰው ለይቶ ማወቅና በፊቱ ጠጣ ብላ አለማለት ከባለ ሱቁ ይጠበቃል። እትዬ በረመዳን እንስራዋን ወደ ውስጥ ታስገባለች፤ ሼሆቹ አጠገብ ውሃ አይቀዳም።

አንዳንድ ባለ ሱቆች ደንበኛን ማቈየት ሲባል መልስ ማዘግየት፥ ዕቃውን አለ እያሉ ማስጠበቅ ይመስላቸዋል። ይህ ማቈየት ሳይሆን ማገት ነው። የሚቈይ ሰው በፈለገ ጊዜ መሄድ መቻሉን ካላወቀ አይቀመጥም፤ ስለ ራስላስ የጻፍነውን ያስታውሷል። እንደዚሁም አግዳሚው የካርታ መጫወቻና የጫት መቃሚያ የሆነ እንደ ሆነ እናቶችና ሕፃናት ይሸሻሉ፤ ተማሪያችን በሁለተኛው ወር ይህ ደርሶበት ሦስት ጐረምሶችን በመለማመጥ አስነሥቷቸዋል። በመለማመጥ የተነሣ ሰው ተመልሶ ገዢ ሆኖ ይመጣል፤ ተሰድቦ የተነሣ ግን ጠላት ይሆናል። ቤት ጥለው ቀኑን ሙሉ በሰው ሱቅ የሚውሉ አባወራዎችም ይህን ዓምድ የሚያነቡ እንደ ሆነ ነገሩን ከሚስቶቻቸው ጋር ይነጋገሩበት፤ እኛ አንገባበትም።

ስለ ዱቤ ግን ዝም ማለት አይቻልም። ሰው የሚቀመጥበት ሱቅ ዱቤ የሚጠየቅበት ሱቅ ነው፤ አብሮህ ቡና የጠጣ ሰው «ለወር ድረስ ጻፍልኝ» ሲልህ እምቢ ማለት ይከብዳል። ብዙ ሱቆች የተዘጉት በሌባ ሳይሆን በዚህ ነው። ተማሪያችን ያደረገው ነገር መልካም መስሎናል፤ ለዱቤ የሚበቃውን ገንዘብ በየወሩ ለይቶ ያስቀምጣል፤ ያ ሲያልቅ «የዚህ ወር ደብተር ሞላ» ይላል፤ የሚጠይቀው ሰው ማንም ቢሆን መልሱ አንድ ነው። ደብተሩንም ተበዳሪው እያየ ይጽፋል፥ ድምሩን ጮኾ አያነብም።

ትርፉስ? አንባቢዎቻችን ይህን እንደሚጠይቁ እናውቃለን። ተማሪያችን እንደ ነገረን ሽያጩ ጨምሯል፤ ነገር ግን ተአምር የሚባል አይደለም። ብረቱ በተከፈተ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጀሪካን ዘይት ተሰርቆበታል። ያን ቀን ማታ ሲደውልልን ብረቱን መልሶ ይዘጋዋል ብለን ነበር። አልዘጋውም፤ ዘይቱን ከደጃፍ ወደ ውስጥ አገባው። ለምን እንዳልዘጋው ብንጠይቀው ወዲያው አልመለሰልንም። ጥቂት ቈይቶ «እትዬ ቡናውን ይዛ ስትመጣ ደጁን ዙሪያ እንድትዞር ማድረግ አስጠላኝ» አለን።

ባለፈው ጊዜ ደግሞ የደወለልን ምክር ፈልጎ ነው። አንድ ሽማግሌ በየማለዳው መጥተው እስከ ቀትር ይቀመጣሉ፥ አንዲትም ነገር አይገዙም፤ ምን ላድርግ ይላል። ተቀምጠው ምን ያደርጋሉ ብለን ጠየቅነው። የሚመጣውን ሰው ሁሉ በስሙ እየጠሩ የእናቱን የአባቱን ደኅንነት ይጠይቃሉ፥ ልጆች ሲሻሙ ይገላግላሉ፥ እርሱ ወደ ውስጥ ሲገባም ደጁን ያዩለታል አለን። እኛም አግዳሚዋን ከሸራው ጥላ አውጥቶ ወደ ጠዋት ፀሐይ እንዲያዞርላቸው ነገርነው፤ ኅዳር ገብቷልና የአምባሰል ውርጭ ለሽማግሌ ጕልበት አይስማማም።